ሰም አይተን ወርቅ የምንከፍል ሰዎች

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ከሻጭም ከደላላም በላይ የሚናገር አንድ ነገር አለ፤ ፖሊሽ ይባላል። መኪናው ስንት ጊዜ እንደተጋጨ፣ የትኛው በር ስቱኮ እንደተለጠፈበት፣ ቀለሙ የፋብሪካ ይሁን የሰፈር ጋራዥ ገና ሳይጠየቅ ኮፈኑ መልስ ይሰጣል። የገዢው ፊት እንደ መስታወት ከታየበት ድርድሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። «ሴት የያዘቻት ናት፣ ንክች አላለችም፣ ቀለሟን እየው» ይላል ደላላው። ገዢም ያያል። የሚያየው ግን የመኪናውን ታሪክ ሳይሆን ትናንት ማታ በማሽን የተሠራ የሦስት ሰዓት ሥራ ነው።

«አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ አንተ ስለ መኪና ማሸት ትጽፋለህ?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አዎ እጽፋለሁ። አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ካጠራቀመው ገንዘብ አብዛኛውን የሚያወጣበት ዕቃ በላይ ላዩ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። የዚያን ዕቃ ላይ ላዩን የሚያሳምረው ልጅ ደግሞ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ይዞ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ማብረቅረቅ የመኪና ጤንነት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም በየጊዜው በማሽን እያሹ ማብረቅረቅ የመኪናውን ዕድሜ መብላት ነው። ይህን የምናስተምረው፣ የምናዘውና የምንከፍልበት ደግሞ እኛው ባለቤቶችና ገዢዎች ነን።

መኪና ቁጠባ የሆነበት አገር

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት ተናገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የእነዚህ ውሳኔዎች ደግነትና ክፋት ሌላ ቀን የምንከራከርበት ነው። ለዛሬው ነገሬ የሚጠቅመኝ ውጤታቸው ነው። እዚህ አገር ያለው የቤንዚን መኪና እዚሁ ይኖራል፣ እዚሁ ይሸጣል፣ እዚሁ ያረጃል። ምትኩ ከጅቡቲ አይመጣም።

ስለዚህ መኪና ቁጠባ ሆነ። ሌላው ዓለም መኪና የገዛ ሰው ከግቢው ሳይወጣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ከአምስት ዓመት በፊት የገዛ ሰው በብር ሲቆጥረው አትርፎ ይሸጣል። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የሞላት ትንሽ ቶዮታ ከሚሊዮን ብር በላይ ስትጠራ ማንም አይደነግጥም። ዕቁብ ወጥቶላት የገዛች፣ የቤተሰብ መሬት ተሸጦ የተገዛለት፣ ራይድ ሠርቶ ልጆቹን የሚያስተምርባት አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ላዩን እያየን መግዛታችን፣ ላይ ላዩንም እያሳሸን መጨረሳችን ሊያሳስበን ይገባል።

ፖሊሽ ይቀንሳል፣ ሰም ይጨምራል

ችግሩ የሚጀምረው ከአነጋገራችን ነው። ላቫጆ ሄደን «ፖሊሽ አድርግልኝ» ስንል ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው።

ሰም መቀባት መጨመር ነው። ከቀለሙ በላይ ስስ መከላከያ ይነጠፋል፤ ውኃ ተንከባሎ ይወርዳል፣ አቧራና የወፍ ኩስ ቀለሙን ቶሎ አያገኘውም። ዝነኛው የመኪና ሰም ካርናውባ ይባላል፤ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሳምንታት፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት። ሲያልቅ መልሶ መቀባት ይቻላል፣ መኪናው ምንም አይጎዳም።

ፖሊሽ ማድረግ ግን መቀነስ ነው። በዚያ ክሬም መሰል ቅባት ውስጥ በዓይን የማይለዩ ጠጣር ቅንጣቶች አሉ፤ እጅግ የደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ብላችሁ አስቡት። ጭረቱ ጠፋ የምንለው ጭረቱ ስለተሞላ አይደለም። በጭረቱ ግራና ቀኝ ያለው ቀለም እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ስለተፋቀ ነው። መሬት ላይ ያለን ጉድጓድ ለማጥፋት ሜዳውን ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ዝቅ ማድረግ ማለት ነው።

ሜዳው ምን ያህል ጥልቀት አለው? ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከብረቱ እስከ ላይ ድረስ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚመታው፣ ቀለም የሌለውና ብርሃን የሚሰጠው ክሊር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ቢሆን ክሊሩ ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል። ማሽኑ የሚሠራው በዚህች ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጠንከር ያለ ፖሊሽ በአንድ ጊዜ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ሦስት ብቻ ነው እንበል። 40 ማይክሮን ክሊር የነበረው ኮፈን በአምስት ፖሊሽ 15 ያጣል፤ 25 ይቀረዋል። በዓይን ሲታይ ከቀድሞው ይበልጥ እንጂ ያነሰ አያምርም። ነገር ግን ፀሐይን የሚመክተው መድኃኒት ያለው በዚያ ክሊር ውስጥ ነው። ሲሳሳ መከላከያውም ይሳሳል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ኮፈኑና ጣሪያው መንጣት፣ ከዚያም እንደ ተቃጠለ ቆዳ መላጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ «የጃፓን ቀለም እንዲህ አልነበረም» እንላለን። ጃፓን የሠራውን እኛ አሽተን ጨርሰነዋል።

በድሮዎቹ ቮልሶችና ላዳዎች ጊዜ ይህ ነገር ምስክር ነበረው። ቀለማቸው ክሊር የሌለው አንድ ወጥ ስለነበር ባለቤቱ በጨርቅ ሲያሽ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሰማያዊው ላዳ ጨርቁን ሰማያዊ ያደርገዋል። ሰውየው ቀለሙ እየሄደ መሆኑን በዓይኑ ያያልና እጁን ይሰበስባል። የዛሬው ክሊር ግን ቀለም የለውም። ጨርቁ ላይ አይታይም፣ ስፖንጁ ላይ አይታይም። እየሄደ ነው፣ የሚናገር የለም።

ማሽኑ በማን እጅ ነው?

የፖሊሽ ማሽን በራሱ ክፉ አይደለም። በሠለጠነ እጅ የሞተ የመሰለን ቀለም ያስነሳል። ግን ሁለት ዓይነት ማሽን እንዳለ፣ ልዩነታቸውም የትየለሌ እንደሆነ ብዙ ባለመኪና አያውቅም።

አንደኛው በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ የሚሽከረከረው ነው። ፍጥነቱ እንደ ሞዴሉ በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ይደርሳል። ኃይለኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ይምራልም አይልም። አንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ከቆመ ሙቀቱ ቀለሙን ያቃጥላል። በተለይ የበር ጠርዝ፣ የኮፈን ጥግና የመኪናው አካል ላይ የሚታዩ ሹል መስመሮች አደገኛ ናቸው፤ ቀለም እዚያ ይሳሳል፣ የማሽኑ ጫናም እዚያ ይሰበሰባል። ሁለተኛው እየተሽከረከረ ግራ ቀኝ የሚንቀጠቀጥ ነው። ሙቀቱን ይበትናል፣ ከልክ በላይ ሲጫኑት ማሽከርከሩን ያቆማል። ሥራው ይዘገያል፣ ምሕረቱ ግን ብዙ ነው።

የሠለጠነ ሰው ሲሠራ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። መኪናውን አጥቦ ያደርቃል፣ ጥላ ውስጥ ያስገባል፣ ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ጠርዞችን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናል። ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ቅባቱን ካዳረሰ በኋላ ከፍ ያደርገዋል፤ አንድ ቦታ አያቆመውም። ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ያጸዳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ በጣም በለሰለሰው ቅባት ከተሳካ ወደ ጠንካራው አይሄድም።

ያልሠለጠነው ደግሞ መኪናውን ፀሐይ ላይ ያቆማል። ቅባቱን እንደ ዘይት ያፈስሰዋል። ትናንት ጥቁር መኪና ያሸበትን፣ መሬት ላይ ወድቆ አሸዋ የያዘ ስፖንጅ ይገጥማል። ፍጥነቱን እስከ ጥግ ይከፍትና ይጫናል። ሲጨርስ መኪናው ያበራል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ጉርሻ ይሰጣል። በማግስቱ ረፋድ ፀሐይ ሲመታው በኮፈኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዞር መስመር ይታያል። ያንን ለማጥፋት ሌላ ፖሊሽ ይታዘዛል። እንዲህ እያለ ክሊሩ ያልቃል።

ብረት ለመቁረጥ በተሠራ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ የሚጠብቃችሁ ካጋጠማችሁ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። የግራይንደር ፍጥነት በደቂቃ 10,000 ዙርና ከዚያ በላይ ነው። ያ ማሽን ቀለምን አያውቅም።

ፀሐዩም፣ አቧራውም፣ ሳሙናውም

«ታዲያ የእኛ መኪና ለምን ቶሎ ቶሎ ይደበዝዛል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሦስት መልስ አለው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ላይ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ ቆዳንም ቀለምንም የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል እንጂ ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚቆም መኪና ጣሪያው ከጅቡቲ ወደብ ባልተናነሰ ይመታል።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ከተማው ሁሉ ይፈርሳል ይሠራል። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የድንጋይ ዱቄቱ መኪና ላይ ያርፋል። ጠዋት ላይ ጥበቃው ወይም ሾፌሩ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። በጎ አሳቢ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት መኪናውን በአሸዋ እያሸው ነው። ማሽኑ የሚጠራበት አብዛኛው ጭረት የመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከዚህች የጠዋት ጨርቅ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም።

ሦስተኛው ሳሙና ነው። በልብስ ዱቄት ሳሙና መኪና ማጠብ ልማድ ሆኗል። ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ሳሙና ሰሙንም ያስለቅቃል። ቅዳሜ ሰም ቀብተን ማክሰኞ በዱቄት ሳሙና አጥበን «ይሄ ሰም ምንም አይሠራም» እንላለን።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ችግሮች መፍትሔያቸው ማሽን አይደለም። ጥላ ነው፣ ብዙ ውኃ ነው፣ ለስላሳ ሳሙና ነው፣ ሁለት ባልዲ ነው፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሞ በእጅ የሚቀባ ሰም። ፖሊሽ ማለት ሐኪም ቤት ነው፤ ሰው በየወሩ አይቀደድም።

የሻጭ ፖሊሽ

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ለራስ የሚሠራ ፖሊሽና ለመሸጥ የሚሠራ ፖሊሽ አንድ አይደሉም። ባለቤቱ የሚፈልገው እንዲቆይለት ነው፤ ሻጩ የሚፈልገው እስከ ውል ቀን እንዲቆይለት ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ጭረትን የሚሞላ ቅባት ነው። ጭረቱ አልተወገደም፤ ተደፍኗል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ሁሉም እንደነበረ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሊብሬው በገዢው ስም ተዛውሯል።

ጭረት ቢሆን ኖሮ እዳው ገብስ ነበር። የሚያስፈራው ከሥሩ ያለው ነው። የተጋጨ በር በባትላሜራ ተቀጥቅጦ፣ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተቀብቶ፣ ከዚያ መላው መኪና በማሽን ሲታሽ አዲሱና አሮጌው ቀለም አንድ ይመስላሉ። ፖሊሹ ያደረገው ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ልዩነትን አጥፍቷል። ገዢ አደጋን የሚያውቀው ደግሞ በልዩነት ነው። ሊብሬው የባለቤቱን ስም፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይነግረናል፤ የግጭቱን ታሪክ አይነግረንም። ቦሎውም ያንን አይነግረንም። ያንን የሚናገረው የመኪናው አካል ብቻ ነበር፤ እሱንም አፉን ዘጋነው።

አንድ ገዢ እናስብ። ዕቁቡንና ከዘመድ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ መኪና ገዛ። በስድስተኛው ወር የፊት ፓራፋንጎው መሰንጠቅ፣ ኮፈኑ ላይ ስቱኮው መነሳት ጀመረ። ጋራዥ ወሰደው፤ ሻንሲው ድሮ ተጋጭቶ የተቃና ሆኖ ተገኘ። ጎማው የሚበላው፣ መሪው የሚስበው ለዚህ ነው። ያ ሰው ያጣው ውበት አይደለም። ብሬክ ሲይዝ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት መኪና ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኗል።

ሕጋችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ «አይተህ ገዝተሃል፣ ጨርሰናል» የሚለው የደላላ ፍርድ የሕግ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በሕግ ያለ መብት በውል ላይ ካልተጻፈ፣ በጊዜው ካልተጠየቀ፣ ማስረጃ ካልተያዘለት እጅ ላይ አይገባም። ውላችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውንና ቅጣቱን እንጂ የመኪናውን አካል ሁኔታ አይጽፍም።

«ዕቃን አሳምሮ መሸጥ ምን ነውር አለው?»

ይህ ክርክር ይመጣል፤ ቀላልም አይደለም። ቲማቲም ሻጯ ቲማቲሟን አጥባ ትደረድራለች። ቤት አከራዩ ቀለም ቀብቶ ያከራያል። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ መኪናውን አሳምሮ ቢያቀርብ ምን ይገርማል?

ምንም አይገርምም። መኪና አጥቦ፣ ውስጡን አጽድቶ፣ ሰም ቀብቶ ገበያ ማውጣት የሻጭ መብት ነው፤ ለገዢም አክብሮት ነው። ድንበሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቲማቲም ሻጯ ቲማቲሙን ስታጥብ የበሰበሰውም ይበልጥ ይታያል። የበሰበሰውን ከሥር አድርጋ ጤነኛውን ከላይ ስትደረድር ግን ስሙ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም በአደባባይ እንጮኽባታለን። የአንድ ኪሎ ቲማቲም ነገር እንዲህ ካስጮኸን የአንድ ሚሊዮን ብሩ ላይ ምነው ዝም አልን?

ሌላም አለ። «ገዢው ዓይን የለውም ወይ? መካኒክ ይዞ ይምጣ» ይባላል። ልክ ነው፣ ይዞ ይምጣ። ግን መካኒኩ የሚያየው ሞተር ነው። ሞተር ይነሳል፣ ይቀየራል፣ ይታደሳል። አካሉን የሚያይ ባለሙያ ይዞ የሚሄድ ሰው ከመቶ ስንት ነው? ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ የምንሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ልጁ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መኪናው ነው። ማሽኑን ስለያዘው ልጅ ካልተናገርኩ ግን ጽሑፌ ራሱ ላይ ላዩን የታሸ ይሆናል።

ላቫጆ ውስጥ የሚሠራው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ማንም አላሠለጠነውም። ማሽኑን የተማረው ከእሱ ሦስት ወር ቀድሞ ከገባው ልጅ ነው። ሲያበላሽ ከደሞዙ ይቆረጥበታል፣ ሲያሳምር ምስጋናው ለአለቃው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው የደረቀ ፖሊሽና የቀለም ብናኝ ነው፤ ቅባት ለማስለቀቅ በባዶ እጁ ቲነር ይነካል። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ የለውም፣ ጓንት የለውም፣ የዓይን መነጽር የለውም።

ከሁሉ የከፋው ኤሌክትሪኩ ነው። ውኃ የሚፈስበት ግቢ ውስጥ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ በነጠላ ጫማ ቆሞ፣ ሦስት ቦታ በፕላስተር ከተጠገነ ገመድ ላይ የተሰካ ማሽን በሁለት እጁ ይይዛል። ይህ ሥራ አይደለም፣ ዕጣ መጣል ነው። መሬት ውስጥ የገባ ሽቦ ያለው ሶኬት፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያልፍ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር፣ ጎማ ቦቲ ጫማ፣ ማጠቢያውንና ማሻውን ቦታ መለየት፤ እነዚህ አንድ ላይ ተደምረው ከአንድ ጥሩ የፖሊሽ ማሽን ዋጋ ብዙ አይርቁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አዋጁ ለትልልቅ ፋብሪካ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ስለዚህ መኪናችሁ ሲቃጠል ልጁ ላይ ከመጮህ በፊት ጥያቄውን ወደ ላይ ውሰዱት። ማሽኑን ማን ሰጠው? ማን አሠለጠነው? በሰዓት ስንት መኪና እንዲጨርስ ታዘዘ? እኛስ «ቶሎ በል፣ እቸኩላለሁ» ብለን አልነበረም?

ምን እናድርግ?

ለባለመኪና፤ ፖሊሽን ብርቅ አድርጉት። አንድ መኪና በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢያገኘው ይበቃዋል። ከመሠራቱ በፊት «ምን ዓይነት ማሽን? ምን ዓይነት ቅባት? ጠርዙን ትሸፍናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አታስብ፣ እናውቀዋለን» ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ሰም ግን አትንፈጉት። ደረቁን የጠዋት ጨርቅ አስቀሩ።

ለገዢ፤ መኪና በቀን ብርሃን እዩ። ማታ አትዩ፣ ከእጥበት በኋላ እንደረጠበ አትዩ፤ ውኃ ጭረትን ይደብቃል። ከጎን ዝቅ ብላችሁ በአካሉ ላይ ብርሃን ሲሄድ ተከተሉ፤ የሚወላገድ ነጸብራቅ ስቱኮን ይጠቁማል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩ ላይ አስጠጉ፤ ብረት ላይ ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይደክማል። የኮፈንና የፓራፋንጎ ብሎኖች ላይ የቁልፍ ጠባሳ ካለ ተፈትተዋል ማለት ነው፤ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የበር ጎማ ሥር የቀለም ብናኝ ፈልጉ። ከተቻለ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከ100 እስከ 150 የሚያነበው መኪና አንድ በሩ ላይ 300 ካነበበ ያ በር ዳግም ተቀብቷል፤ ከ1,000 ካለፈ ስቱኮ ነው። በተቃራኒው ኮፈኑ 70 ካነበበ ታሽቶ አልቋል። ፕላስቲክ ፓራውልት ላይ ግን መለኪያው አይሠራም፤ እንዳትሳሳቱ።

ለሻጭና ለደላላ፤ ዳግም የተቀባ መኪና ነውር የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ያልተነካካ መኪና ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። ነውሩ መደበቁ ነው። «ግራ የኋላ በር ተቀብቷል፣ ሻንሲ አልተነካም» ብሎ በውሉ ላይ አንድ መስመር የሚጽፍ ደላላ ዛሬ ጥቂት ሺህ ብር ቢያጣ ነገ ደንበኛ ያገኛል። ያቺ አንድ መስመር ለገዢው ዋስትና ናት፤ ለሻጩም ከክስ መዳኛ ናት።

ለመንግሥት ደግሞ አዲስ ቢሮ ክፈቱ አልልም። መኪናው በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ይቆማል። እዚያው አምስት ቦታ የቀለም ውፍረት ለክቶ በወረቀቱ ላይ ማስፈር ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ከዓመት ዓመት ቁጥሩ ሲለዋወጥ የመኪናው ታሪክ ራሱ ይጻፋል። «ደግሞ ሌላ ጉቦ መቀበያ ይሆናል» የምትሉ አላችሁ፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቁጥር ከአስተያየት ይሻላል፤ ገዢው ራሱ መለኪያ ይዞ ሄዶ ሊያመሳክረው ይችላልና። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም መኪና ማሸትን ከቀለም ቅብ ሙያ ጋር አስተባብረው በአጭር ሥልጠና ቢሰጡት፣ ላቫጆ ከፍተው ለተደራጁ ወጣቶች ከብድሩ ጋር የደኅንነት ዕቃውም ቢታሰብላቸው፣ ሥራው እውነተኛ ሙያ ይሆናል።

ይህ ነገር በኤሌክትሪክ መኪናው ጊዜም አይቀርም። ከቻይና የሚመጡት አዳዲሶቹ መኪኖች ሞተራቸው ተለወጠ እንጂ ክሊራቸው ያው ከፀጉር የቀጠነ ነው። አሁን አዲስ ናቸውና ማንም አላያቸውም። ከአምስት ዓመት በኋላ እነሱም ወደ ያገለገለ ገበያ ይወጣሉ፤ እነሱም «ንክች አላለችም» ይባልላቸዋል። ልማዱን ዛሬ ካላረምነው ለእነሱም እናወርሳቸዋለን።

ሰምና ወርቅ የእኛው ጥበብ ነው። ቅኔ ስንሰማ ሰሙን አልፈን ወርቁን እንፈልጋለን፤ ሰሙ ላይ የቆመውን ሰው «አልገባውም» እንለዋለን። ገበያ ስንወጣ ግን ሰሙ ላይ ቆመን ወርቁን ከኪሳችን እንከፍላለን። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያበራ ኮፈን ፊት ስትቆሙ ፊታችሁን ከማየታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህን ያበራው ምንድን ነው? ስንት ወሰደበት?»

እናንተስ ምን ታዝባችኋል? በላቫጆ የምትሠሩ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ ደላሎችም ጭምር ከእኔ የምትለዩበት ነገር ካለ ጻፉልኝ፤ እናስተናግደዋለን።

ቸር እንሰንብት።